ዘግይቶ ያመረቀዘ የቀዶ ጥገና ቁስል

የዚህ ወር ጥያቄ የደረሰን ከኡራኤል አካባቢ ነው። እኅታችን በቀዶ ጥገና ከወለደች ሁለት ወር አልፏታል። ቁስሉ ደርቆ ከቆየ በኋላ አብጦ መግል ያዘ፤ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ብትጨርስም አልሻረም። “እምነቴ ጎድሎ ይሆን?” ስትል ትጠይቃለች።

እኅታችን፣ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። የቀዶ ጥገና ቁስል ብዙ ጊዜ የሚያመረቅዘው ቆዳችን ላይ በሚኖረው ስታፊሎኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ምልክቱም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይታያል። ዘግይቶ መጥቶ በተለመደው መድኃኒት አልመለስ ካለ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር ይገባል።

ከሚጠረጠሩት መካከል የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመዶች የሆኑት ማይኮባክቴሪየም ፎርቲዩተምና ማይኮባክቴሪየም አብሰሰስ ይገኛሉ። በቧንቧ ውኃና በአፈር ውስጥ ይኖራሉ፤ ጀርም በሚገባ ባልጠፋበት መሣሪያ ወይም ቁስሉን በነካ ውኃ ሊገቡ ይችላሉ። በተለመደው ምርመራ በሁለትና በሦስት ቀን ላይበቅሉ ስለሚችሉ ውጤቱ “ምንም የለም” ሊል ይችላል። ሕክምናቸው ከአንድ በላይ መድኃኒት ለወራት መውሰድን፣ አንዳንዴም ቁስሉን ከፍቶ ማጽዳትን ይጠይቃል።

ስለዚህ ሦስተኛ መድኃኒት በራስሽ አትግዢ። ወደ ሐኪምሽ ተመልሰሽ መግሉ ካልቸር እንዲደረግ፣ ቲቢና ዘመዶቹም እንዲታዩ ጠይቂ። የምታጠቢ መሆንሽንም ንገሪ። ትኩሳት ካለሽ ወይም ቁስሉ ከተከፈተ ቀጠሮ አትጠብቂ።

መከላከሉ ግን ይቻላል። በአገራችን አምስት ሆስፒታሎች ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በረዳው “ክሊን ከት” በተሰኘ ሥራ፣ የእጅና የቆዳ ጽዳትን፣ የመሣሪያ ንጽሕናንና የመሳሰሉትን በማሻሻል የቁስል ኢንፌክሽን በሲሶ ያህል መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል።

ጠያቂዎችም ድርሻ አለን። እጃችንን እንታጠብ፤ አልጋው ላይ አንቀመጥ። ስንጸልይ እጃችንን ራስ ላይ እንጫን እንጂ ቁስሉን አንንካ። ቅቤና ቡና ቀርቶ የምንቀባው ዘይትም ቁስል ላይ አይፍሰስ። ደጉ ሳምራዊ ዘይትና ወይን ያፈሰሰው በዘመኑ የነበረው ሕክምና ያ ስለሆነ ነው። ከዚያም አልፎ ቁስለኛውን ወደ ማደሪያ ወስዶ ወጪውን ሸፍኗል፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ቃል ገብቷል። ወራት የሚፈጅ ሕክምናም የመድኃኒትና የታክሲ ገንዘብ፣ ሕፃን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ጸሎታችን እስከዚያ ይድረስ።