እንጀራ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ

አሜሪካ የገባ ሰው በሁለት በሦስት ዓመቱ ሱሪው ሲጠበው የመጀመሪያው ተከሳሽ እንጀራ ነው። «እንጀራ ትቻለሁ» የሚለው ወገን በዝቷል። እንጀራው ከምን ጋር ይበላ እንደነበር፣ በምን እንደሚወራረድ፣ በላተኛው በቀን ስንት ሰዓት ተቀምጦ እንደሚውል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው። ሰውነት ያላወጣውን ጉልበት በስብ መልክ ያስቀምጠዋል፤ ከገባው በላይ ካወጣም ካስቀመጠው ይመነዝራል። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አልኮል 7፣ ቅባት 9 ይሰጣል። አንባቢ ልብ ይበል፤ አንዲት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ናት። ለጾም ወጥ ዘይቱ ከጠርሙሱ ሲንቆረቆር ማን በማንኪያ ይለካል? የአንድ ሰው ድርሻ አራት ማንኪያ ቢሆን 480 ካሎሪ ነው። ይህን ለማውጣት አምስት ማይል ያህል በእግር መሄድ ይጠይቃል። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዳው ሰው ግን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጦ ይውላል። አገር ቤት ሳለ ከታክሲ ወርዶ እቤቱ የሚደርሰው በእግሩ ነበር፤ እዚህ መኪናው እበሩ ላይ ቆማለች። በዚያ ላይ ከምሳው ጋር የሚጨልጣት አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 140 ካሎሪ አላት፤ ሆድ ሳትሞላ ታልፋለች፣ ከመብልም የሚቆጥራት የለም።

«እንጀራ ትቼ በሳምንት ይህን ያህል ቀነስኩ» የሚለውም አይዋሽም። ሰው እህል ሲቀንስ በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ስኳር ይወጣል፤ አብሮት የነበረው ውሃም ይሄዳል። ሚዛኑ ቶሎ የሚወርደው በአብዛኛው በዚህ ነው፤ ስቡ ገና ከቦታው አልተነቃነቀም። «በወር አሥር ኪሎ» እያሉ ሻይና ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች የሚነግዱት በዚህች የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት ወጪውን ይቆጥባል፣ ረሃቡን ያበረታል፤ ገዢውም ጥፋቱን በራሱ ላይ ይደፋል።

የወፈረን ሰው «ሆዳም» ማለትም ግፍ ነው። ቤተዝዳ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተነካካ ምግብ እስኪበቃቸው እንዲበሉ ቀረበላቸው። የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ አንድ ኪሎ ገደማም ጨመሩ። ማንም አስገድዶ አላጎረሳቸውም። ምግቡ ራሱ ያስበላል።

የሆነ ሆኖ ወጥ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር አለ። የምግብ ቤት ባለቤቶች ከለስላሳው በፊት ውሃ ቢያስቀድሙ፣ የበያይነቱን ጎመንና ምስር በግማሽ ዘይት ቢሠሩ ደንበኛ አይሸሽም። ዘይትም ይተርፋቸዋል።