ጌም ማጫወቻው አማርኛ ሲናገር



ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ዘንድ የሚቆዩት ሁለት ሰዓት ነው። ሳምንቱ ግን 168 ሰዓት አለው። ከእንቅልፍ፣ ከመደበኛው ትምህርትና ከቤት ሥራ ከሚተርፈው ጊዜ ብዙውን የምትወስደው ቲቪው ስር የተቀመጠችው ሣጥን ናት፤ ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ። በአንዳንድ ቤት ልጁ አጥርቶ የሚያውቀው አማርኛ "በቃ አጥፋው!" የሚለው ነው።

ጌም ይቀነስ አይቀነስ የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወውና ሌላ ነገር እናንሳ። ይህች ሣጥን ቪዲዮም ታሳያለች። ቤት ካለ ኮምፒውተር ጋር ካገናኘናት የአያት ተረት፣ የአክስት ሠርግ፣ የዒድ ቀን ግብዣ፣ ልጁ ራሱ በእንቁጣጣሽ ያቀረበው መዝሙር እዚያው ሶፋው ላይ በትልቁ ስክሪን ይታያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው ቤታችን ውስጥ አለ።

"ዩቲዩብ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ጥሩ ጥሩ የአማርኛ ዝግጅት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ አንድ የአማርኛ ተረት ካየ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣውን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ሁለት ሦስት ቪዲዮ ሳይሄድ ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናታችሁ ድምፅ ዩቲዩብ ላይ የለም። ያለው አንድ አሮጌ ስልክ ውስጥ፣ ወይም ቁም ሣጥን ላይ በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ነው። ስልኩ ውሃ ሲገባበት፣ ካርቶኑ ቤት ስንቀይር ሲጣል፣ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። ልጁ ጎበዝ አማርኛ ተናጋሪ በሆነ ጊዜ የሚሰማው አያት ላያገኝ ይችላል።

እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ቤታችሁን አስቡት። ምግቡ የሚቀመጠው ጓዳ ነው፤ የሚበላው ሳሎን። ቪዲዮዎቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ጓዳው ነው፤ ሰርቨር የሚባለው እሱ ነው። ጌም ማጫወቻው ሳሎኑ ነው። በሁለቱ መካከል የሚያመላልሰው የቤታችሁ ራውተር ነው። ቪዲዮው ከቤት አይወጣም፤ ስለዚህ የኢንተርኔት ፍጥነታችሁ ዝቅተኛ ቢሆንም ችግር የለውም።

ለጓዳነት ልዩ ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግም። ልጁ ያደገበት የድሮ ላፕቶፕ ይበቃል። ቦታ ካነሰው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይሰካበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚወስድ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ስለዚህ አንድ ቴራባይት ዲስክ ከ270 ሰዓት በላይ ይችላል። ከካሴት የተገለበጠ ቪዲዮ ጥራቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዚህም ያነሰ ቦታ ይወስዳል።

ሰርቨር የሚያደርገውን ፕሮግራም በተመለከተ፣ ምርጫው ባላችሁ ጌም ማጫወቻ ይወሰናል። ፕሌክስ የሚባለው ለፕሌይስቴሽን 4 እና 5፣ ለኤክስቦክስም አፕ አለው፤ ለጀማሪም ይቀላል። ነፃ አካውንት መክፈት ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ለማየት አይከፈልበትም፤ ከቤት ውጭ ሆኖ የራስን ቪዲዮ ለማየት ግን ከ2025 ጀምሮ ክፍያ አለው። ጄሊፊን የሚባለው በ2018 የተጀመረ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነና የማንም ኩባንያ አካውንት የማይጠይቅ ነው፤ ኤክስቦክስ ላይ ይሠራል፣ ለፕሌይስቴሽን ግን አፕ የለውም። ኔንቲዶ ስዊች ያላችሁ ደግሞ ለዚህ ሥራ አትድከሙበት፤ ቲቪው ራሱ ዘመናዊ ከሆነ የፕሌክስን አፕ እዚያው ላይ ፈልጉ።

ፕሮግራም መጫን የሚከብዳችሁ ካላችሁም አቋራጭ አለ። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ሚዲያ ፕሌየር የተባለ አፕ አላቸው፤ ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጦ መሰካት ብቻ ነው። ለአንድ ሁለት ቪዲዮ ይህ ይበቃል። ስብስቡ እየበዛ ሲሄድ ግን ወደ ሰርቨሩ መምጣታችሁ አይቀርም።

ፕሌክስን ለምትመርጡ አካሄዱ ይህ ነው፦

1ኛ. ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱና ቪዲዮዎቹን በሙሉ እዚያ ሰብስቡ።

2ኛ. የፕሌክስን ሰርቨር ፕሮግራም ከራሱ ከፕሌክስ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑና አካውንት ክፈቱ።

3ኛ. ፕሮግራሙ "ምን ዓይነት ስብስብ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ "ፊልም" አትበሉት። "ሌሎች ቪዲዮዎች" የሚለውን ምረጡ። ፊልም ካላችሁት ስሙን ኢንተርኔት ላይ ይፈልግና የእማማን የቡና ሥነ ሥርዓት የሆሊውድ ፖስተር ሊለጥፍበት ይችላል።

4ኛ. ጌም ማጫወቻው ላይ የፕሌክስን አፕ አውርዳችሁ በዚያው አካውንት ግቡ። ሰርቨሩ በስሙ ይመጣል። አለቀ።

ካልመጣ መጀመሪያ የሚታየው ሦስት ነገር ነው። ሁለቱም ዕቃዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን እዩ፤ አንዱ የእንግዳው ዋይፋይ ላይ ከሆነ አይተያዩም። ላፕቶፑ እንዳይተኛ ሴቲንጉን ቀይሩ፤ ጓዳው ከተቆለፈ ሳሎኑ ምንም አያገኝም። ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ የቤታችሁ ኔትዎርክ "የግል" ተብሎ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ "የሕዝብ" ከተባለ ኮምፒውተሩ ራሱን ይደብቃል።

ቪዲዮው እየተንተባተበ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የፋይሉ ዓይነት ነው። ለምሳሌ አዳዲስ አይፎኖች ከ2017 ወዲህ ቪዲዮ የሚቀርጹት ኤችኢቪሲ በተባለ ጠበቅ አድርጎ በሚያሽግ ዘዴ ነው። ማጫወቻው ይህን ካልተቀበለ ኮምፒውተሩ እያጫወተ በየቅጽበቱ መቀየር ሊኖርበት ነው፤ የድሮ ላፕቶፕ ደግሞ ለዚህ አቅም ያንሰዋል። መፍትሔው ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ ኤምፒ4 ፋይል፣ ኤች 264 ወደሚባለው ዓይነት መቀየር ነው። ይህ በሁሉም ማጫወቻ ይሠራል። ማታ አስጀምራችሁት ብትተኙ ጠዋት ተዘጋጅቶ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ። ከኢትዮጵያ የመጣ የቪኤችኤስ ካሴት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ኢትዮጵያም አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓም የሚጠቀሙት ፓል የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ነበር፤ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን። ስለዚህ የአዲስ አበባ ካሴት እዚህ አሜሪካ በተገዛ ተራ ቪዲዮ ዴክ ሲከፈት ምስሉ ይንከባለላል ወይም ቀለሙ ይጠፋል። ካሴቱ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት! የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። ካሴት ገልብጦ ፋይል የሚያደርግ ሱቅ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ፓል ትሠራላችሁ ወይ?" ይሁን። ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ያለው ሰው ከተገኘም ቤት ውስጥ መገልበጥ ይቻላል፤ የሁለት ሰዓት ካሴት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ማፋጠኛ የለውም። ካሴት ዕድሜው ውስን ነው፤ በየዓመቱ ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳልና ለሚቀጥለው ዓመት አታቆዩት።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶች የሚልኩትን ቪዲዮ በተመለከተም አንድ ምክር አለን። ዋትስአፕ ቪዲዮን እንዲሁ ሲልኩት ጨምቆ ጥራቱን ያወርደዋል። ስልክ ላይ ደህና ቢመስልም ትልቅ ቲቪ ላይ ፊት አይለይም። በቴሌግራም "ፋይል" ወይም በዋትስአፕ "ዶክመንት" አድርገው ቢልኩት እንደተቀረጸ ይደርሳል። ዳታ ስለሚበላ ግን አጭር አጭሩን ጠይቁ፤ ካርዱንም ብትሞሉላቸው ነውር የለውም።

ምን ይቀረጽ? ረጅም መሆን የለበትም። ከሦስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። አያት አንድ ተረት ሲያወሩ፣ ዶሮ እንዴት እንደሚበለት እያሳዩ ሲያስረዱ፣ ሰፈራቸው ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ሲናገሩ። ካሜራ ሲያዩ ዝም የሚሉ ከሆነ የልጅ ልጃቸው ይጠይቃቸው፤ ለእሱ እምቢ አይሉም። የቪዲዮ ጥሪ የምትቀርጹ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የሰው ፊልም ከሆነ ግን የገዛችሁትን ለቤታችሁ ተመልከቱ እንጂ ለሌላ አታባዙ፤ የአማርኛ ፊልም ሠሪውም እንጀራው ነው።

ከዚህ ሥራ ሁሉ ለአማርኛቸው የሚጠቅመው ክፍል ግን ማየቱ ብቻ አይደለም፤ ስም ማውጣቱ ነው። ፋይሎቹ ስልኩ በሰጣቸው ቁጥር እንዳይቀመጡ፣ ስም የማውጣቱን ሥራ ለልጁ ስጡት። ፕሌክስም ጄሊፊንም ፊደላችንን በደንብ ይቀበላሉ። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሮ "የአክስቴ ሠርግ" ብሎ መጻፍ አያቅተውም። ለመጻፍ ደግሞ መጠየቅ አለበት። "ይቺ ማን ናት?" ይላል። በእንግሊዝኛ "ካዝን" ብሎ የሚያልፈውን በአማርኛ የአክስት ልጅ ትሁን የአጎት ልጅ ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል። እዚህ ላይ እናንተም የማታውቁት ሰው ይመጣና ለእናታችሁ ትደውላላችሁ። ዝምድናውን ልጁ በዚያው ይማረዋል።

ስሙ ሲጻፍ ዓመተ ምሕረቱ ይቅደም፤ ቪዲዮዎቹ በተራ ይደረደራሉ። ሁሉም በአንድ አቆጣጠር ይሁን። ካሴቱ ላይ "ጥር 1992" ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆቹ 2000 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ትጨምራላችሁ። ይህንንም ሂሳብ ልጁ ይሥራው።

ተለቅ ላሉት ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሥራ አለ፤ ጽሑፍ ከምስሉ ስር ማስገባት። አያት የሚሉትን እየሰሙ በፊደል ይጽፋሉ። ፋይሉ ኤስአርቲ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ይቀመጥ፣ ስሙም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ይሁን። ቲቪው ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ከመጡ ሃንድብሬክ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አንድ ላይ ሊያትመው ይችላል። የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ መጻፍ አንድ ከሰዓት ይፈጃል። መምህራኖቻችን ግን ከማንኛውም የቃል ጽሕፈት ልምምድ የማይተናነስ ብለውታል፤ ታናናሾቹም እየሰሙ ያነቡታል።

በመጨረሻ፣ ሰርቨሩ ማሳያ እንጂ ማስቀመጫ ብቻውን አይሆንም። ዲስክ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ ሰርቨሩ ላይ፣ አንዱ ቤት ውስጥ በተለየ ዲስክ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሦስተኛውን ሌላ ከተማ ላለ ወንድም ወይም እህት ብትልኩ እነሱም ልጆች አሏቸው።

ይህ ሁሉ አማርኛን በራሱ አያስተምርም። ልጁ ብቻውን ተቀምጦ ቢያይ ከአንድ ጊዜ በላይ ላያየው ይችላል። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ስታዩ ሳቁ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። በእንግሊዝኛ ቢመልስም አትቆጡ፤ መስማቱ ገብቶታል ማለት ነው።

ለመጀመር አምስት ቪዲዮ ይበቃል። በዚህ ሳምንት ካርቶኑን አውርዱ፣ አሮጌውን ስልክ ቻርጅ አድርጉ። ጉዳዩ የሚያስቸግራችሁ ወላጆች ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ቆዩ፤ የሚያውቅ ወላጅ አይጠፋም፣ ቡናም አለ።

እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ያቆየን።