ይግባኝና የምሕረት ልመና

ልደታ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጣት የተወሰነበት ሰው ዘመዶች፥ «ፍርዱ ከበደ፤ አንተ ተምረሃልና ይግባኙን ጻፍልን» እያሉ ወደ ተማሪው ወይም ወደ ወጣቱ ሹም መምጣታቸው አይቀርም። ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ ልመና ይጽፋል። ይህ ምናልባት ከዙፋን ችሎት ዘመን የተረፈ ልማድ ይሆናል።

ይግባኝ ግን ልመና አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ ጥፋቱን ያመነ ሰው እንኳ በቅጣቱ መጠን ላይ ይግባኝ እንዲል ፈቅዷል፤ ጥፋትን ማመን የተወሰነውን ቅጣት ሁሉ መቀበል አይደለምና። ሕጉ የሰጠው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ ይግባኝ ባይነትን በ15 ቀን ማስታወቅ፥ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላም ማመልከቻውን በ30 ቀን ማቅረብ ነው። ማመልከቻው ሊያሳይ የሚገባው፥ የሥር ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከተዘረዘሩት ማቅለያዎች፥ ለምሳሌ ከቀድሞ መልካም ጠባይ ወይም ከመጸጸት፥ የትኛውን እንደ ዘለለ ነው።

ደግሞም ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ «ቅጣቱ አነሰ» ሊል ይችላል። በጥር 1999 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ፥ በሌሉበት፥ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ፤ በዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ምክንያት በግንቦት 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው።

ምሕረት የመጣው በሌላ በር ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ።