የጻፍነው ምን ሠራ?

ወጣት አንባብያን ሆይ፤ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ካንዱ መሥሪያ ቤት ተቀጥራችሁ ሥራችሁ ማስታወቂያ ማርቀቅና መሥሪያ ቤቱን ከሕዝብ ጋር ማገናኘት ቢሆን፣ አንድ ቀን «የሙያ ምስክር ወረቀትህ የት አለ?» ማለት አይቀርም። ሐኪሙ ፈቃድ አለው፤ ሾፌሩም አለው። በቃል የሚያድር ሰው ግን ምን ያሳያል?

በባሕር ማዶ ያሉት አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የንግድ ኮሙኒኬተሮች ማኅበር «እውቅና ያለው የንግድ ኮሙኒኬተር» የሚል ማዕርግ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። ማዕርጉ ዛሬ ለአዲስ አመልካች ቀርቶ በሌላ ምዘና ተተክቷል። አመልካቹ ለጽሑፍና ለቃል ፈተና ከመቀመጡ በፊት የሠራውን ሥራ ሰብስቦ ያቀርብ ነበር። እኔን የሚማርከኝ ይኸኛው ክፍል ነው፤ የሚመረመረው የአጻጻፉ ውበት ብቻ አልነበረምና። የተጻፈው ለማን ነው? ያ ሰው አስቀድሞ ምን ያምን ነበር? ጽሑፉስ ምን ለወጠ? በምን ታወቀ?

በኛም አገር ተማሪዎች «ሲኦሲ» የምትሉት የብቃት ምዘና ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያስተማረው መምህር ብቻውን አይመሰክርም፤ ተመዛኙ በእጁ ሠርቶ ያሳያል።

«አስቀድሞ ምን ያምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለጎጃም ቀላል አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታውጆ ገማቾች ሲላኩ፣ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትም ባላገሩ ተነሣ። አዋጁ የሚናገረው ስለ ገቢ ነበር፤ ገበሬው ግን የሰማው ርስቱ ሊለካና ሊወሰድ ነው ብሎ ነው። ጦር ዘመተ፤ የጦር አውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ መንግሥት የግብሩን ውዝፍ ሰረዘ። ጥሩ ጸሐፊ ቢገኝ ኖሮ ይኸ ሁሉ ይቀር ነበር ማለቴ አይደለም፤ በደልም ነበረበት፣ በደልን ደግሞ ማስታወቂያ አያክመውም። ቢሆንም ርስት ለጎጃም ገበሬ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ስለ መሬት የሚጽፉ ሰዎች ለማን እንደሚጽፉ አላወቁም።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። የማዳበሪያ ማከፋፈያ ቀን «በመመሪያው መሠረት» ብሎ በሚጀምር አንድ ገጽ ተጽፎ በቢሮ በር ላይ ቢለጠፍ፣ ከወንዝ ማዶ ያለው ገበሬ መቼ ያየዋል? አዋጅ ነጋሪው እንኳ ነጋሪቱን ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲልም ሰሚውን ሁሉ መልእክተኛ ማድረጉ ነው። እናንተም ቀኑንና ቦታውን ከሁሉ አስቀድሙ፤ በገበያ ቀን አስነግሩ፤ ከዚያ በቀጠሮው ስንት ሰው እንደ መጣ፣ ስንቱስ ቀኑን ስቶ እንደ ተመለሰ ቁጠሩ።

ረቂቁን፣ የወጣውን ጽሑፍና ቁጥሩን በአንድ ፋይል አኑሩ። ያልተሳካውንም አትጣሉ፤ ለምን እንዳልተሳካ አንድ መስመር ጻፉበት። ለመጀመሪያው ገጽ የሚሆን ካጣችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ በር ላይ የተለጠፈው አለ፤ ዝናም ካላጠበው።