የመመለሻ ምልክት ከጉዞ በፊት ይወሰን፦ የጀልባና የውሃ ውስጥ ደኅንነት በሐዋሳ ሐይቅ

የሐዋሳ ሐይቅ ለከተማዋ ነዋሪ መዝናኛም መተዳደሪያም ነው። በአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች በማለዳ መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ጎብኚዎች ጉማሬ ለማየት በሞተር ጀልባ ይወጣሉ። በፍቼ ጨምበላላ እንዲሁም በታኅሣሥና በሐምሌ የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓላት ወቅት የከተማዋ እንግዶች ቁጥር ይጨምራል፤ ወደ ሐይቁ የሚያመራውም ሰው በዚያው ልክ ይበዛል። በመሆኑም አንድ ጥያቄ ተገቢ ምላሽ ይሻል፦ ተሳፋሪ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ወይም ለሥራ የጠለቀ ሰው በአስቸኳይ መውጣት ቢኖርበት ቀድሞ የሚደርስለት ማን ነው?

መልሱ በርቀትና በጊዜ ስሌት የሚወሰን ነው። በአገራችን በውሃ አደጋ ፍለጋ ስማቸው በተደጋጋሚ የሚነሳው የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ጠላቂ ዋናተኞች ሲሆኑ፣ ከመዲናዋ ውጪ ለሚደርሱ አደጋዎችም ይጠራሉ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ጉዞው ሰዓታት ይወስዳል። በአንጻሩ በውሃ ውስጥ ትንፋሹ የተቋረጠ ሰው አእምሮ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ከሩቅ የሚመጣ ቡድን አስከሬን አውጥቶ ለቤተሰብ ሊያስረክብ ይችላል፤ ሕይወት የማትረፍ ዕድሉ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አዳኝ በቦታው ያለው ጀልባ ነው፤ ጀልባው ይህን ኃላፊነት ሊወጣ የሚችለው ደግሞ ምልክቱና የሥራ ክፍፍሉ ከዳርቻ ከመነሳቱ በፊት ሲታወቅ ነው።

ስኩባ በሚባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ለፍለጋ፣ ለጥናት ወይም ለጥገና ለሚጠልቁ ሰዎች የመመለሻ ምልክት ልዩ ትርጉም አለው። ማዕበል ሲነሳ፣ መብረቅ ሲቃረብ፣ ጉማሬ ሲታይ ወይም ከቡድኑ አንዱ ሲጠፋ በጀልባው ላይ ያለው ኃላፊ ሁሉም እንዲወጡ ማሳወቅ ይኖርበታል። የተለመዱት ዘዴዎች በውሃው ውስጥ ያለውን የጀልባ መሰላል በብረት ደጋግሞ መምታት፣ ሞተሩን ከማርሽ አውጥቶ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ እንዲሁም ለዚሁ የተሠራ የውሃ ውስጥ ድምፅ ማሰሚያ መጠቀም ናቸው።

ይሁን እንጂ ድምፅ በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን የጠለቀው ሰው ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል። ምልክቱ «ውጣ» ይላል እንጂ «ወደዚህ ና» አይልም። በዚህ ምክንያት ጠላቂው ወደ ላይ ሲቃረብ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ዙሪያውን እየቃኘ መውጣት፣ ጀልባ ነጂውም ፕሮፔለሩ እንዳይሽከረከር አድርጎ በቦታው መጠበቅ ይገባቸዋል። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ የጠራ ባለመሆኑ የእጅ ምልክት ከሩቅ አይታይም። በእንዲህ ዓይነት ውሃ የፍለጋ ጠላቂዎች ከላይ ባለ ሰው ከተያዘ ገመድ ጋር ታስረው ይሠራሉ፤ ገመዱን በመሳብም ይነጋገራሉ። የአሳሳቡ ቁጥር ከቡድን ቡድን ስለሚለያይ በዕለቱ የሚሠራበት ቁጥር ከመጥለቅ በፊት ጮክ ተብሎ ሊነገርና ሁሉም ሊደግመው ይገባል። የዓሣ መረብ ባለበት ውሃ ደግሞ መቁረጫ መያዝ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የመመለሻ ምልክት የሰማ ሰው በድንጋጤ መውጣት የለበትም። የሚመከረው የአወጣጥ ፍጥነት በደቂቃ ከ9 ሜትር ያልበለጠ ነው፤ አየሩ በቂ እስከሆነ ድረስም 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ይቆማል። ትንፋሽን አምቆ መውጣት ሳንባን ሊቀድድ ይችላል።

ሐዋሳ ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ይጠብቃል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ከሐይቁ ጥልቅ ስፍራ አቅራቢያ፣ 20 ሜትር ላይ፣ የሠራ ጠላቂ ለባሕር በተዘጋጀ የጊዜ ሠንጠረዥ 24 ሜትር እንደጠለቀ ያህል ሊታሰብለት ይገባል። ሥራውን እንደጨረሰ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ከሆነም ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚደርስ በሰውነቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊፈጥርና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የመደንዘዝ ወይም የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ይችላል። በአውሮፕላን ለመሳፈር ከአንድ ቀላል ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል፤ ወደ ደጋ ለሚወጣ የመኪና ጉዞም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ምልክቱ ተሰምቶ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ሁለት አሜሪካውያን ጠላቂዎች በቆጠራ ስህተት ባሕር ላይ ተትተው ጀልባው ተመልሷል። መጥፋታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ሲሆን በሕይወት አልተገኙም። ከአደጋው በኋላ የኩዊንስላንድ ግዛት የቆጠራ ደንቡን አጥብቋል። ትምህርቱ ለመዝናኛ ጀልባም ይሠራል፦ ተሳፋሪ በስም ዝርዝር ይሳፈር፤ ሲመለስም በስም እየተጠራ በአካል ይረጋገጥ። «ሁሉም አለ» ማለት ቆጠራ አይደለም።

ተሳፋሪ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ በቅድሚያ ያየው ሰው «ሰው ወደቀ» ብሎ ይጮኻል፤ ዓይኑን ከወደቀው ሰው ሳያነሳም በጣቱ ያመለክታል። ሌላው የሚንሳፈፍ ነገር ወይም ገመድ ይወረውራል። ነጂው በዝግታ ቀርቦ ሞተሩን ያጠፋል። የመዋኘትና የማዳን ሥልጠና የሌለው ሰው ተከትሎ መዝለል የለበትም። ጀልባ ከተገለበጠ ወደ ዳርቻ ለመዋኘት ከመሞከር ይልቅ ጀልባውን ይዞ መቆየት ይሻላል፤ የተንሳፈፈ ጀልባ ከአንድ ዋናተኛ ይልቅ ከሩቅ ይታያልና። ከውሃ የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ በአፍ ትንፋሽ መስጠት ይቀድማል፤ የደረት ግፊትም ይከተላል። በዚያው ቅጽበት ሌላ ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ወይም ወደ ፖሊስ 991 ይደውላል።

በፌዴራል ደረጃ የማሪታይም ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው፤ ተቆጣጣሪ ግን በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ አይሳፈርም። ስለሆነም ተገልጋዩ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል፦ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናትም በልካቸው፣ የሕይወት አድን ጃኬት አለ ወይ? ጀልባው የሚጭነው የሰው ብዛት ስንት ነው? ፊሽካና የሚሠራ ስልክ ተይዟል ወይ? ማዕበል ቢነሳ የመመለሻው ምልክት ምንድን ነው? ከአራቱ ለአንዱ እንኳ መልስ የሌለው ጀልባ ላይ አለመሳፈር የተገልጋዩ መብት ነው። ጀልባ ነጂውም ጥያቄውን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ሥራው አካል ሊቀበለው ይገባል።