አሮጌ መኪና እንግዛ ወይስ እንተው?

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፣

በዚህ መጽሔት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ስግድ በዓልና ከኢትዮጵያ ወደ ኢየሩሳሌም ስለተደረገው ጉዞ ነው። እኔ የምጽፈው ግን ስለ አንድ አሮጌ መኪና ነው። «ይህ ከቅርስ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከረሖቮት ብዙ በማይርቅ ሞሻቭ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ የ1967 ፎርድ ሙስታንግ አገኘን። ስምንት ሲሊንደር፣ 4.7 ሊትር ሞተር አለው። ባለቤቱ «ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የሚቀረው» አለን። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ታነበዋለች። ሦስታችን በሁለት በጋ ዕረፍት ሠርተን ያጠራቀምነውን አሟጦ የሚወስድ ነው ካልኩ ይበቃል።

ሙስታንግ አፕሪል 17 ቀን 1964 በኒውዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ሲቀርብ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ያህል ሰው አዘዘው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ተሠራ። እውነተኛው የአሜሪካ «ጡንቸኛ» መኪና ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው፣ ሙስታንግ ከዚያ ወገን አይቆጠርም ብለው የሚከራከሩ አሉ። ለእኛ ግን ያው ነው፤ ድምፁን በፊልም እየሰማን ነው ያደግነው።

ለቤተሰቤ ስናገር አባቴ ሳቀ። አጎቴ ግን ተቆጣ። «አያትህ ዕድሜያቸውን ብረት ሲቀጠቅጡ ኖሩ። እኛ ልጁ ተምሮ ኢንጂነር ይሆናል ስንል አንተ ደግሞ ወደ ዝገት ትመለሳለህ?» አለኝ። ይህ ቃል ብዙ ቀን አላስተኛኝም።

በመጀመሪያ አጎቴ ትክክል የሆነበትን ልናገር። እንዲህ ያለ መኪና ከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ከረሖቮት ቴል አቪቭ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ብንል 10 ሊትር ይጠጣል፤ ሊትሩን 7 ሼቅል ብንል 70 ሼቅል ማለት ነው፤ በአውቶቡስ ብንሄድ ከዚህ በጣም ያነሰ እንከፍላለን። 30 ዓመት ያለፈው መኪና በአሰባሳቢ መኪናነት ከተመዘገበ የፈቃድ ክፍያው ይቀንሳል፤ ነገር ግን በሥራ ቀናት ጠዋት በመጨናነቂያው ሰዓት እንዳይነዳ ገደብ አለበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ሥራ ለሚሄድ አባት መኪና ማለት ጠዋት የሚነሳ ማለት ነው። ይህን አልንቅም። መንጃ ፈቃዱን ገና ለያዘ ልጅ ደግሞ ኢንሹራንሱ ራሱ ሌላ ዕዳ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ አያቴን ይዘን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ባለቤቱ ለልጆች የማይነግረውን ለሽማግሌ ይነግራል ብለን እንጂ ስለ መኪና ያውቃሉ ብለን አልነበረም። አያቴ መኪና ነድተው አያውቁም። ሞተሩ ሲነሳ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በሩ አጠገብ ጎንበስ አሉና ላሜራውን በጣታቸው አንኳኩ። ከላይ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ወደ ታች እየወረዱ ሲያንኳኩ ድምፁ ጭቃ እንደመምታት ታፈነ። «እዚህ ብረት የለም» አሉ። ጓደኛዬ ማግኔት ቢያስጠጋው አልያዘም። ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነበር፣ ያውም ወፍራም ስቱኮ። ምንጣፉን ስንገልጠው በእግር መርገጫው በኩል ሣር ይታያል።

በኋላ እንደተማርኩት ሙስታንግ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ወለሉና አካሉ ተበይደው አንድ ላይ ነው መኪናውን የሚሸከሙት። ዝናቡ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ወለሉ ከበሰበሰ የበሰበሰው የመኪናው አጥንት ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ካልሆነም ሌላ ይገዛል። አካሉን ቆርጦ መበየድ ግን የወራት ሥራ ነው፤ የሚከፈለውም በሰዓት ነው። እኛ ሦስታችን ቀለሙንና ሞተሩን ብቻ አይተን ልንከፍል ነበር።

አያቴ ይህን የተማሩት ጋራዥ ውስጥ አይደለም። ጎንደር አካባቢ በወናፍና በመዶሻ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ነው። ቤተ እስራኤል በብዙ ቦታ ርስት ስለተከለከለ ወንዱ በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቷ በሸክላ ይኖሩ እንደነበር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ማረሻውን የገዛው ጎረቤት ዞር ሲል «ቡዳ» ይላቸው ነበር። አጎቴ ብረት ሲባል የሚያፍረው ለዚህ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ስድቡን የፈጠረው ተሳዳቢው ነው፤ ለምን ሙያውን ከስድቡ ጋር አብረን እንጥላለን? እዚሁ ረሖቮት በማኾን አያሎን ከ1945 እስከ 1948 በልብስ ማጠቢያና በዳቦ ቤት ሥር በድብቅ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጥይት ተሠርቷል። ዛሬ ማሽኖቹ ተጠብቀው ይጎበኛሉ፤ አሮጌ ብረት ነው ብሎ የሚያፍርባቸው የለም። የአያቴን መዶሻ ግን ማንም አስጎብኝቶኝ አያውቅም።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ «አሮጌ ነው» ብላችሁ አትከልክሉን፤ «ወለሉ በስብሷል» ብላችሁ ከልክሉን። የመጀመሪያውን ማንም ይለዋል። ሁለተኛውን ለማለት ግን አብሮን መጥቶ ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ሙስታንጉን ትተነዋል። አሁን የምንፈልገው ቮልስ ነው። አባቴ በ1991 ከዘመቻ ሰሎሞን በፊት አዲስ አበባ ሲጠብቁ መንገዱን ሞልቶ ያየው መኪና እሱ ነው፤ ስሙን ስንጠራ አሁንም ፊቱ ይበራል። የመጨረሻው ቮልስ በሜክሲኮ የተሠራው በ2003 ቢሆንም መለዋወጫው ዛሬም ይሠራል። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውኃ የለው፣ ራዲያተር የለው፤ ከአራት ብሎን ተፈትቶ ይወርዳል። አካሉም ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ የበላውን ወለል ለይቶ መቀየር ይቻላል። በተለይ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትን ማየት ነው፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል።

በጌዴራ አቅጣጫ አንድ የሚሸጥ ቮልስ እንዳለ ሰምተናል። አያቴ «እኔ ሳላንኳኳው አትከፍሉም» ብለዋል። ዓርብ ጠዋት እንሄዳለን፤ አጎቴም እመጣለሁ ብሏል።