ይህ ጠመንጃ የቀለለው ለምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ የጀርባ ሻንጣቸውን በግራም የሚመዝኑ የእግር ተጓዦች አሉ። ሬይ ጃርዲን እ.ኤ.አ. በ1992 ፓሲፊክ ክሬስት ትሬል ለተባለው ረጅም የእግር መንገድ ተጓዦች መመሪያ የሚሆን መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ ልማዱ ከጥቂቶች ወደ ብዙዎች ተሻግሯል። ምግብ፣ ውሃና ነዳጅ ሳይቆጠር የሻንጣው ክብደት ከ10 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4.5 ኪሎ፣ ሲያንስ ሰውየው አልትራላይት ተጓዥ ይባላል። እዚያ ለመድረስ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ይቆረጣል፣ ድንኳን በሸራ ይተካል፣ ሁለተኛው ሱሪ ቤት ይቀራል። ይህን ጥንቃቄ አከብራለሁ፤ ከጀርባው ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለና፦ ይህ ባይኖር ምን ይጎድልብኛል?

ታዲያ ከእነዚህ ተጓዦች አንዳንዶቹ ለመንገዱ ብለው አቅልለው የሚሠሩት ጠመንጃ ዘንድ ሲደርስ ይህ ጥያቄ ለምን ይቆማል?

ስለየትኛው ጠመንጃ እንደማወራ ልግለጽ። ካሊበሩ .22 ነው፤ ጥይቱም ከ1887 ጀምሮ የሚመረተው ሎንግ ራይፍል የሚባለው። ከሪምፋየር ወገን ነው፤ ማቀጣጠያው ከቀለሁ መሃል ሳይሆን በቀለሁ ግርጌ ዙሪያ ባለው ጠርዝ ውስጥ ስለሚቀመጥ መርፌው የሚመታው ጠርዙን ነው። ጥይቱ ትንሽና ርካሽ ነው፤ ድምፁም ሆነ ግፊቱ ከአብዛኞቹ ያነሰ ነው፤ 50 ፍሬ ቢያዝ ከ170 ግራም ብዙም አይበልጥም። ሠሪዎቹ ለልጆች ታስቦ የተሠራውን፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርሰውንና 1.1 ኪሎ ግድም የሚመዝነውን ክሪኬት፣ ወይም ከ1964 ጀምሮ የሚሸጠውን ሩገር 10/22 ይገዙና ማቅለል ይጀምራሉ። የእንጨቱ ሰደፍ ወልቆ በቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ ይተካል። ወፍራሙ አፈሙዝ በስስ ብረት ላይ በተጠቀለለ ካርቦን ፋይበር ይለወጣል። ብሎኑ ሳይቀር ቲታኒየም ይሆናል። ሚዛኑ ከአንድ ኪሎ በታች ሲያሳይ ደስታ ነው። የእጃቸውን ሙያ አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ እውነተኛ ባለሙያዎች ናቸው። የምጠይቀው ምክንያቱን ነው።

ለምግብ ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ መንገድ ላይ ጥንቸል፣ የዛፍ ሽኮኮ፣ ወፍ መትቶ መብላት። እንግዲያው በሚዛን እንነጋገር። የዱር ጥንቸል ጥሬ ሥጋ በ100 ግራም 114 ካሎሪ ገደማ አለው። ከአንዲት ጥንቸል ግማሽ ኪሎ ሥጋ ቢገኝ እንኳ 600 ካሎሪ አይሞላም። ሻንጣ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ተራራ የሚወጣ ሰው ደግሞ ከ3,000 ካሎሪ በላይ ያቃጥላል። ታዲያ በቀን ስንት ጥንቸል? አምስት? ስድስት? ማን ይፈልጋቸዋል፣ ማን ይገፋቸዋል፣ በየትኛው ማገዶ ይበስላሉ? የዚያን ዕለት መንገድስ ማን ይሄድለታል? በጠመንጃው ምትክ አንድ ኪሎ ኦቾሎኒ ቢያዝ 5,600 ካሎሪ ያህል ይገኛል፤ ያውም መተኮስና መግፈፍ ሳያስፈልግ።

በዚያ ላይ የጥንቸል ሥጋ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። የሰሜን ዋልታ አሳሹ ቪልያልሙር ስቴፋንሰን እንደጻፈው፣ ስብ የሌለው ሥጋ ብቻ የሚበላ ሰው ሆዱ እየሞላ ሰውነቱ ይራባል፤ ተቅማጥና ድካም ይከተሉታል። በሰሜን አሜሪካ አዳኞች ዘንድ «የጥንቸል ረሃብ» የሚባለው ይህ ነው። ይህን ሳይመልሱ ጠመንጃውን የምግብ ዋስትና ብሎ መጥራት ይቻላል?

ይህ የወረቀት ስሌት ነው የሚል ካለ ክሪስ ማካንድለስን ያስታውስ። በ1992 ኤፕሪል መጨረሻ ይህ የ24 ዓመት ወጣት አላስካ ውስጥ ስታምፒድ ትሬል በሚባለው መንገድ ወደ ዱር ሲገባ የያዘው 4.5 ኪሎ ያህል ሩዝና አንድ የሬሚንግተን .22 ጠመንጃ ነበር። ጠመንጃው አላሳፈረውም። ሽኮኮ፣ ጃርትና ወፍ መታበት፤ በጁን ወር ሙዝ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር እንኳ ጣለበት። ሥጋውን ግን ሊያቆየው አልቻለም፤ ተበላሸበት፤ በማስታወሻው ላይም ጸጸቱን ጻፈ። በኦገስት ሞተ። አስከሬኑ ሲገኝ 30 ኪሎ ያህል ነበር የሚመዝነው። የሞቱ ምክንያት ረሃብ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የበላው የዕፀዋት ዘር ድርሻ ነበረው ወይ የሚለው ገና ያከራክራል። ጠመንጃው ይሠራ እንደነበር ግን አያከራክርም። እየሠራ ሳለ በሕይወት ሊያቆየው አልቻለም። ከዚያ ጠመንጃ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢቀነስለት ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

«ለዘወትር ምግብ ሳይሆን ለክፉ ቀን ነው» የሚሉም አሉ። ክፉው ቀን የትኛው ነው? በተራራ መንገድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከገደል ወድቆ፣ ወንዝ ሲሻገር ተወስዶ፣ ወይም ዝናብ መትቶት በብርድ ደንዝዞ ነው። ከእነዚህ የትኛውን ጥይት ያስቆመዋል? መንገድ የጠፋበት ሰው ሳምንታት ያለ ምግብ ሊቆይ ይችላል፤ በብርድ ግን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ያ አንድ ኪሎ ደረቅ ሹራብና የዝናብ ልብስ ቢሆን አይሻልም?

ለክፉ ቀን ጠመንጃ የመያዝ ሐሳቡ ከአየር ኃይል የመጣ ነው። ዩጂን ስቶነር በ1950ዎቹ መጨረሻ የነደፈው ኤአር-7 ተፈታትቶ በራሱ ሰደፍ ውስጥ የሚከተት .22 ነው። ከእርሱ በፊት አርማላይት የተባለው ኩባንያ ኤአር-5 የሚባለውን ለአሜሪካ አየር ኃይል ሠርቶ ነበር፤ አውሮፕላኑ ለወደቀበት አብራሪ የታሰበ መሣሪያ። ያ አብራሪ ወደ ምድረ በዳው የገባው ወድዶ አልነበረም፤ ያለበትን ቦታ የሚናገርለት ሳተላይትም አልነበረም። የዛሬው ተጓዥ ግን 100 ግራም የምትመዝን የሳተላይት መልእክት መላኪያ በኪሱ ይይዛል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲሶቹ የአይፎን ስልኮች ራሳቸው ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የድረሱልኝ ጥሪ ይልካሉ። የዚያን አብራሪ መሣሪያ የምንሸከመው የዚያ አብራሪ ችግር ሳይኖርብን ነው።

ከድብ ለመከላከል ነው? እዚህ ላይ የቤላ ትዊን ስም ይነሳል። ይህች የክሪ ሕዝብ ተወላጅ በ1953 በካናዳ አልበርታ፣ ስሌቭ ሌክ አጠገብ፣ አንድ አንድ ጥይት በሚጎርስ .22 ጠመንጃ እጅግ ግዙፍ ግሪዝሊ ድብ ገድላለች። እውነት ነው። ግን ቤላ ትዊን ማን ነበረች? ከዱር አውሬ ጋር የኖረች ወጥማጅ ነበረች፤ ድቡ በጣም ቀርቦ ሳለ ጭንቅላቱን በጎን መታችው፤ ከወደቀም በኋላ ደጋግማ ተኮሰች። ከቢሮ ወጥቶ ለሁለት ሳምንት ተራራ የሚገባ ሰው ከእርሷ ምን ይጋራል? የሎንግ ራይፍል ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት 190 ጁል ገደማ ነው፤ ከተለመደው የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ጥይት ግማሽ አይሞላም። በአንጻሩ ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 ያሳተሙት የአላስካ ጥናት፣ ለድብ የሚረጨው የበርበሬ ርጭት በቡናማ ድቦች ላይ ከተሞከረባቸው አጋጣሚዎች በ92 በመቶው ድቡን እንዳስቆመ ያሳያል። የጥናቱን መልስ የያዘ ሰው ስለ ድብ ብሎ .22 ለምን ይሸከማል?

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ይህ የቀለለ ጠመንጃ ይመታል?

በበረዶ ላይ መንሸራተትንና ተኩስን በሚያጣምረው የባያትሎን ውድድር የሚያዘውም ይኸው .22 ነው። ተወዳዳሪው በጀርባው አዝሎት በበረዶ ላይ ዳገት ይሮጣል፤ ግራም መቀነስ የሚያጓጓው ሰው ካለ እርሱ ነው። ሆኖም ደንቡ ጠመንጃው ያለ ጥይትና ያለ ካዝና ከ3.5 ኪሎ እንዳያንስ ያዛል። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ውድድር ደግሞ ደንቡ የሚከለክለው መብዛትን ነው፤ ጣሪያው 8 ኪሎ ሲሆን፣ ተኳሾች በገዛ ፈቃዳቸው ተጨማሪ ብረት ያስራሉ። ለምን? ክብደት የልብ ትርታንና የትንፋሽን መንቀጥቀጥ ስለሚያፍን ነው። አሁን ዳገት ወጥቶ የሚያለከልክ፣ እጁ በብርድ የደነዘዘ፣ የሚደገፍበት የሌለው ተጓዥ አስቡ። በእጁ ያለው 900 ግራም ዘንግ ነው።

ምላጩስ? ከፋብሪካ የሚወጣ የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ምላጭ ለመሳብ ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ በላይ ኃይል ይጠይቃል። ጠመንጃው አንድ ኪሎ ከሆነ ጣት የምትጎትተው ከጠመንጃው ክብደት እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው፤ አፈሙዙ ከዒላማው ሳይሸሽ እንዴት ይቀራል? ይህን የተረዳ ሠሪ ቀጥሎ ምላጩንም ያቀላል፤ ስፕሪንጉን ያሳሳል። ከዚያስ? በድንጋይ ላይ የሚወድቅ፣ ከሻንጣ ጋር የሚወረወር መሣሪያ ምላጩ ሲላላ ማንን ይጠብቃል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ያልነበረ አደጋ በገዛ እጅ ይፈጠራል። በዚህ ጥይት መጠቅለያ ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል፣ ማለትም እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ድረስ አደገኛ ነው ተብሎ ይታተማል። ከቁጥቋጦው ማዶ ያለው ሌላ ድንኳን ከዚያ አይቀርብም?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን እንስሳው ነው። .22 ትንንሽ እንስሳትን ያለ ስቃይ የሚገድለው ጭንቅላት ወይም ልብ ሲመታ ነው። ሁለት ጣት ያህል ሲስት ሽኮኮው አንጀቱ ተበጥሶ መደበቂያው ይገባል። ማንም አያገኘውም፤ ማንም አይበላውም። በሚዛን ላይ የተቀነሰው 300 ግራም በማን ሥቃይ ተከፈለ? ይህን ጥያቄ ሠሪዎቹ ክብደቱን ከሚጽፉበት ሰንጠረዥ ጎን ለምን አያሰፍሩትም?

ክብደት ለመቀነስ ሲባል ጠመንጃን ማሳጠርም የሕግ ጥያቄ ያመጣልና ሕጉን ባጭሩ ላንሳው። ከ1934 የመጣው የፌዴራል ሕግ አፈሙዙ ከ16 ኢንች፣ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ጠመንጃን መንግሥትን ሳያስፈቅዱና ሳያስመዘግቡ መሥራትን ይከለክላል። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ለዚህ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ግብር ወደ ዜሮ ወርዷል፤ ፈቃዱና ምዝገባው ግን አለ። ካሊፎርኒያ ደግሞ እንዲህ ያለውን አጭር ጠመንጃ ለተራ ግለሰብ ከልክላለች፤ ፓሲፊክ ክሬስት ትሬል ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው በእርሷ ውስጥ ነው። በብሔራዊ ፓርኮች ከ2010 ወዲህ በየስቴቱ ሕግ መሠረት መሣሪያ መያዝ ይቻላል፤ አደን በሕግ ካልተፈቀደ በስተቀር መተኮስ ግን ክልክል ነው። በብሔራዊ ደኖች ከመኖሪያና ከድንኳን ሰፈር በ150 ያርድ ውስጥ አይተኮስም። አደኑ የስቴት ፈቃድና ወቅት አለው፤ የበጋ ተጓዥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከወቅቱ ውጭ ነው። መተኮስ በማይቻልበት መንገድ የሚሸከሙት ጠመንጃ ስንት ግራም ቢሆን ነው ቀላል የሚባለው?

ዴንቨርና ሲያትል ለምትኖሩ፣ ተራራ መውጣት ለጀመራችሁ ወገኖቼ አንድ ነገር ልጨምር። በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው የአደን ፈቃድ ወይም ሕጉ የዘረዘረው ሌላ ልዩ ሁኔታ ከሌለው ጠመንጃም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። የጓደኛ ጠመንጃ ስለቀለለ ብቻ «ለአፍታ ያዝልኝ» ቢባል እሺ አይባልም።

ይህ መሣሪያ ለማንም አይሆንም አልልም። በመከር ወቅት ፈቃድ አውጥቶ ለሽኮኮና ለጥንቸል አደን ጫካ የሚገባ፣ ያደነውን የሚበላ ሰው በሚገባ ይጠቀምበታል። ለእርሱ ግን ኤአር-7ን የሚከተለው የሄንሪ ጠመንጃ በ1.6 ኪሎ፣ ሁለት ቦታ የሚፈታው ሩገር በ2.1 ኪሎ ገደማ ከመደብር ይገኛሉ። መሥራቱ ራሱ የሚያስደስተው ሰውም ካለ ይሥራ፤ የብረት ሥራ ፍቅር በቂ ምክንያት ነው። ያን ፍቅር ግን የሕይወት ማዳኛ እያሉ ለጀማሪ ተጓዥ መስበክ ስህተት ነው፤ ጀማሪው ሹራቡን አስቀርቶ ጠመንጃ ይዞ ይወጣልና።

ለሠሪዎቹ አንድ ልመና አለኝ። ጠመንጃችሁን ሠርታችሁ ስትጨርሱ ዳገት ወጥታችሁ፣ ትንፋሻችሁ ሳይረጋ፣ ያለ መደገፊያ ቆማችሁ፣ ደኅንነቱ በተጠበቀ የተኩስ ሜዳ በ50 ሜትር ርቀት አሥር ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሱ። አሥሩም ከአንዲት ጥንቸል ጭንቅላት ስፋት ውስጥ ካላረፉ፣ ያን ጠመንጃ ሕይወት ባለው ነገር ላይ አታነጣጥሩት።